የከዋክብት ምልከታ ምሽት

የከዋክብት ምልከታ ምሽት የሚባለው፣ የሥነ ፈለክ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ቴሌስኮፖቻቸውን ይዘው ከከተማ መብራት ርቀው የሚሰባሰቡበትና ሰማዩን በጋራ የሚያዩበት ዝግጅት ነው። ተሰብሳቢዎቹ መምህራን፣ መካኒኮች፣ ነርሶች፣ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎች ወይም ጡረተኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለመገኘት የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም። አንዱ ሁለት ሰው የሚሸከመው ቴሌስኮፕ ያመጣል፣ ሌላው ባይኖኩላር ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይመጣል። ሁሉም ግን በሁሉም መሣሪያ ያያል። የምሽቱ መሠረታዊ ሕግ ይህ ነው፤ ቴሌስኮፑ የአንድ ሰው ንብረት ቢሆንም በእርሱ የሚታየው ሰማይ የሁሉም ነው።

ምሽቱ ለአዲስ ሰው ግራ የሚያጋቡ ልማዶች አሉት። የእጅ ባትሪዎች በቀይ ላስቲክ ይሸፈናሉ፤ ጨለማ ከሆነ በኋላ ሳያስታውቁ መኪና ማስነሳት ይከለከላል፤ ሰዎች ማየት የፈለጉትን ነገር ፊት ለፊት ከማየት ይልቅ ጎን ጎኑን ይመለከታሉ። እያንዳንዱ ልማድ ከብርሃንና ከዓይን ተፈጥሮ የመጣ ምክንያት አለው። ምክንያቱን የተረዳ ሰው ሥርዓቱን ለመጠበቅ አይቸገርም፤ ከሰማዩም ብዙ እጥፍ ያያል።

የልማዱ አመጣጥ

ጥሩ ቴሌስኮፕ ለረጅም ዘመን የዩኒቨርሲቲዎችና የባለጸጎች ዕቃ ነበር። ወደ ተራው ሠራተኛ እጅ እንዲገባ ትልቁን ድርሻ ያበረከተችው በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የምትገኘው ስፕሪንግፊልድ የተባለች ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ናት። የከተማዋ ተወላጅ ራስል ፖርተር በወጣትነቱ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ በተደረጉ ጉዞዎች የተሳተፈ አሳሽና ሠዓሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 አብዛኞቹ በከተማዋ የማሽን ፋብሪካ የሚሠሩ 15 ወንዶችንና አንዲት ሴትን ሰብስቦ የቴሌስኮፕ መስታወትን በእጅ መሥራት ያስተምራቸው ጀመር።

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሁለት ወፍራም ክብ መስታወቶች ይዘጋጃሉ። አንደኛው በበርሜል አናት ላይ ይታሰራል፤ በላዩ ውኃና ሻካራ የመሞረጃ ዱቄት ይነሰነስና ሁለተኛው መስታወት ይደረብበታል። ሠራተኛው በርሜሉን እየዞረ የላይኛውን ወደፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ሰዓታት ባለፉ ቁጥር የላይኛው ስርጉድ፣ የታችኛው እብጥ እየሆነ ይሄዳል። ዱቄቱ ደረጃ በደረጃ እየላመ ይተካል፤ በመጨረሻም መስታወቱ በቅጥራን ንጣፍ ላይ ይወለወላል። የመስታወቱ ገጽ ከትክክለኛው ቅርጽ የሚኖረው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛ ክፍል እንዳይበልጥ ይፈለጋል።

ይህን ያህል ረቂቅ ስሕተት የሚለካው ፈረንሳዊው ሌዮን ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1858 ባስተዋወቀው ዘዴ ነው። ከመስታወቱ ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የብርሃን ምንጭ ትቀመጣለች፤ የተንጸባረቀው ብርሃን በሚገናኝበት ነጥብ ላይ ምላጭ ቀስ ተብሎ ይገባል። በዚህ ጊዜ የመስታወቱ ጉብታና ጉድጓድ ሁሉ በጥላ ጎልቶ ይታያል። ዘዴው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማሳየት መምህሩ አውራ ጣቱን መስታወቱ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል። ጣቱን ሲያነሣ የሰውነቱ ሙቀት ያሳበጠው ቦታ እንደ ኮረብታ ሆኖ ይታያል፤ መስታወቱ ሲቀዘቅዝም ኮረብታው ቀስ በቀስ ይጠፋል።

የፖርተር ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1923 ማኅበር መሥርተው በከተማዋ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ስቴላፌን የተባለውን ቤታቸውን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1925 የሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት አዘጋጅ አልበርት ኢንጋልስ ስለ እነርሱ ሲጽፍ፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ከየአቅጣጫው ጎረፉ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1926፣ ቴሌስኮፕ ሠሪዎች ኮረብታው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰባሰቡ። ስብሰባው ዛሬም በአሜሪካው የበጋ ወራት፣ ጨረቃ በማትታይበት ሰሞን ይካሄዳል። ተሳታፊዎች ራሳቸው የሠሯቸውን ቴሌስኮፖች ለውድድር ያቀርባሉ፤ ሲመሽ ደግሞ መሣሪያው ሁሉ ወደ ሰማይ ይዞራል። ፖርተር ራሱ በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተጠርቶ የመስታወቱ ስፋት 5 ሜትር ለሆነው ለፓሎማር ቴሌስኮፕ ንድፍ ሠርቷል።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከጆን ዶብሰን ነው። ቤጂንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለደው ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ የቬዳንታ ገዳም መነኩሴ በነበረበት ጊዜ ከተጣለ ወፍራም መስታወት፣ ከወረቀት ቱቦና ከጣውላ ትልልቅ ቴሌስኮፖችን ሠራ። ማቆሚያቸው ቀላል የጣውላ ሳጥን ነበር፤ ቴሌስኮፑን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በእጅ መግፋት ይበቃል። ገዳሙን እ.ኤ.አ. በ1967 ከለቀቀ በኋላ ቴሌስኮፑን በከተማው ጎዳና ላይ አቁሞ መንገደኛውን ሁሉ ጨረቃንና ሳተርንን እንዲያይ ይጋብዝ ጀመር። በስሙ የሚጠራው የቴሌስኮፕ ዓይነት ዛሬ በየምልከታ ምሽቱ ከሁሉ በላይ የሚታየው ነው፤ ምክንያቱም በተመሳሳይ ዋጋ ትልቁን መስታወት የሚሰጠው እርሱ ነው።

ሌሊቱንና ቦታውን መምረጥ

የምልከታ ቀን የሚቆረጠው በጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን ታጥበውና ደብዛዛዎቹን ጋላክሲዎችና ኔቡላዎች ትውጣቸዋለች። ስለዚህ ማኅበራት ለጨረቃ መባቻ የቀረበውን ቅዳሜ ይመርጣሉ። ጨረቃን ራሷን ለሕዝብ ለማሳየት ሲታሰብ ግን ግማሽ ሆና የምትታይበት ሰሞን ይመረጣል፤ ያን ጊዜ ፀሐይ በጎን ስለምታበራት በብርሃኑና በጨለማው ድንበር ላይ ያሉት ተራሮችና ጉድጓዶች ረጅም ጥላ ይጥላሉ። ሙሉ ስትሆን ጥላው ስለሚጠፋ ገጽዋ ለጥ ያለ ይመስላል።

ቀጥሎ የሚታሰበው የከተማ ብርሃን ነው። አሜሪካዊው ጆን ቦርትል እ.ኤ.አ. በ2001 የሌሊት ሰማይን ጨለማነት ከ1 እስከ 9 ከፍሎ የሚመድብ መለኪያ አሳትሟል። በ1ኛው ደረጃ ፍኖተ ሐሊብ መሬት ላይ ጥላ እስከመጣል ይደምቃል፤ በ9ኛው፣ በትልቅ ከተማ መሃል፣ ከጨረቃ፣ ከፕላኔቶችና ከጥቂት ደማቅ ከዋክብት በቀር የሚታይ ነገር የለም። ትልቅ ቴሌስኮፕ በከተማ መሃል ከማቆም ትንሹን ይዞ ገጠር መውጣት የሚሻለው ለዚህ ነው።

የሰማይ ጥራትና የአየር እርጋታ አንድ አይደሉም። ዝናብ አባርቶ ነፋስ የጠረገው ሰማይ ጥርት ሊል ይችላል፤ ከዋክብቱ አጥብቀው ሲርገበገቡ ከታዩ ግን ከላይ ያለው አየር እየተናወጠ ነው፤ ፕላኔቶችም በቴሌስኮፕ ውስጥ እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣሉ። በእንዲህ ያለ ሌሊት ልምድ ያለው ሰው ከፍተኛ ማጉያ መጠቀሙን ትቶ ሰፋፊ የከዋክብት ክምችቶችን ያሳያል።

ከኢትዮጵያ የሚታየው ሰማይ

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የታደለች አገር ናት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ተራራ ይሸፍነዋል። በአንጻሩ የደቡብ መስቀል ከደቡብ አድማስ በላይ 20 ዲግሪ ያህል ይወጣል። አልፋ ሴንታውሪና ካኖፐስም ይታያሉ። ከፊሎቹን የአውሮፓ ተመልካቾች በዕድሜያቸው ሙሉ ከአገራቸው ሰማይ ላይ አያገኟቸውም። ከሰሜኑም ከደቡቡም የሰማይ ሀብት አብዛኛውን ከአንድ ሜዳ ማየት የሚቻለው በእንዲህ ያለ ኬክሮስ ብቻ ነው።

በክረምት ደመናው ስለማይፈቅድ ዋናው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። የጨለማው አመጣጥም ፈጣን ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ገብታ 1 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ይጨልማል፤ ልጆች ሳይተኙ ብዙ ማየት ይችላሉ። ደጋው ከፍ ያለ ስለሆነ በላዩ ያለው አየር ስስ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፤ ጋቢና ትኩስ ሻይ ከቴሌስኮፑ እኩል የሚታሰቡ ዕቃዎች ናቸው።

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተ ወዲህ ለሥነ ፈለክ ያለው ፍላጎት አድጓል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ በሆነው የእንጦጦ ተራራ ላይ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላን አቋርጦ ያለፈው የቀለበት የፀሐይ ግርዶሽም ብዙ ሰው በአንድ ላይ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠበት ቀን ነበር። ፀሐይን ለማየት የሚያገለግለው ግን ለዚሁ የተሠራ ማጣሪያ ብቻ ነው፤ ያለ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ያሳውራል።

መሣሪያዎቹ

ቴሌስኮፖች በሁለት ዋና ክፍሎች ይመደባሉ። አንደኞቹ ብርሃኑን በሌንስ፣ ሁለተኞቹ በስርጉድ መስታወት ይሰበስባሉ። አዲስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት እጥፍ ያጎላል?" ብሎ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ግን የሚጠይቁት የመስታወቱን ስፋት ነው። በጨለማ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል። ስፋቱ 200 ሚሊሜትር የሆነ መስታወት ደግሞ ከዚያ ብሌን 800 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። በዓይን የማይታየውን የሚያሳየው ይህ የተሰበሰበ ብርሃን ነው።

ማጉላት የሚወሰነው ዓይን በሚቀርብበት ትንሽ ሌንስ ነው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርዝመት ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ሲካፈል ውጤቱ የማጉያው ልክ ይሆናል። የትኩረት ርዝመቱ 1,200 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ25 ሚሊሜትር ሌንስ 48 እጥፍ፣ በ10 ሚሊሜትር ሌንስ 120 እጥፍ ያጎላል። ጀማሪ ሁልጊዜ በዝቅተኛው ይጀምራል፤ የሚታየው የሰማይ ክፍል ሰፊ ስለሚሆን የሚፈለገውን ነገር ማግኘት ይቀላል።

ባለ ቴሌስኮፖች ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚደርሱትም በምክንያት ነው። ከቤት ወይም ከመኪና የወጣ መስታወት ከውጪው አየር ስለሚሞቅ በላዩ ያለው አየር ይንቀሳቀሳል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። እስኪቀዘቅዝ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ ትልቅ ከሆነም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚሁ ጊዜ በጉዞ የተናጋው የመስታወቶቹ አቅጣጫ በብሎኖች ይስተካከላል። ይህ የዝግጅት ሰዓት የምሽቱ ሞቅ ያለ የጨዋታ ጊዜም ነው፤ ሰዎች ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እየዞሩ አሠራሩን ይጠያየቃሉ፣ ትርፍ ብሎንና መፍቻ ይዋዋሳሉ፣ ማን ምን እንደሚያሳይ ይነጋገራሉ።

ዓይንና ጨለማ

ዓይን ወደ ጨለማ ሲገባ ብሌኑ ወዲያው ይሰፋል፤ ዋናው ለውጥ ግን የሚካሄደው ከኋላ፣ በሬቲና ላይ ነው። ሬቲና ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉት። ቅምብብ መሰሎቹ ቀለም ይለያሉ፤ ለመሥራት ግን በቂ ብርሃን ይፈልጋሉ። ዘንግ መሰሎቹ ቀለም አይለዩም፤ በደካማ ብርሃን የሚያዩት ግን እነርሱ ናቸው። በዘንግ መሰሎቹ ውስጥ ያለው ሮዶፕሲን የተባለ ንጥረ ነገር በብርሃን ይፈርሳል፤ በጨለማ መልሶ ለመሠራት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ የመኪና መብራት ወይም የስልክ ስክሪን በቅጽበት ያፈርሰዋል፤ በሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ እንደ አዲስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። ሮዶፕሲን ለቀይ ብርሃን ብዙም ስለማይነቃ ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ካርታ ለማንበብና ላለመሰናከል ይፈቀዳል።

በጎን የማየት ዘዴም ከዚሁ ይመነጫል። በትክክል የምናተኩርበት የሬቲና መሃል ዘንግ መሰል ሕዋሳት የሉትም፤ እነርሱ የሚበዙት በዙሪያው ነው። ስለዚህ ደብዛዛ ጋላክሲ ፊት ለፊት ሲያዩት ይሰወራል፤ ከጎኑ ያለች ኮከብ ላይ ዓይን ሲያሳርፉ ግን ብቅ ይላል። ዘንግ መሰሎቹ ቀለም አለመለየታቸው ደግሞ በፎቶግራፍ ቀይና ሐምራዊ ሆነው የሚታወቁት ኔቡላዎች በዓይን ሲታዩ ለምን ግራጫ እንደሚመስሉ ያስረዳል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው እንግዳ ቅር አይሰኝም።

የምሽቱ ቅደም ተከተል

በድንግዝግዝታው ጊዜ ፕላኔቶች ይታያሉ፤ ደማቅ ስለሆኑ ሙሉ ጨለማ አያስፈልጋቸውም። ጁፒተር በሰማዩ ላይ ካለች በአጠገቧ በአንድ መስመር የተደረደሩ አራት ነጥቦች ይታያሉ፤ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያያቸው ጨረቃዎች ናቸው። ከእነርሱ ለጁፒተር የቀረበችው አዮ ዙሯን በ42 ሰዓት ገደማ ስለምትጨርስ በአንድ ምሽት ውስጥ ቦታዋን ስትቀይር በዓይን መከታተል ይቻላል። የሳተርን ቀለበት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ሰዉን የሚያስደንቅ ነው። ክርስቲያን ሃይገንስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቀለበት መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ በፕላኔቷ ግራና ቀኝ ያለው ነገር ሊቃውንቱን ሲያወዛግብ ኖሯል፤ ዛሬ በትንሽ ቴሌስኮፕ አንድ ልጅ በጥቂት ሰከንድ ያየዋል።

ጨለማው ሲሞላ ጉዞው ወደ ሩቅ ይሄዳል። ሰባቱ ከዋክብት እየተባሉ የሚታወቁት ፕሌያዲስ በባይኖኩላር በርካታ ሰማያዊ ከዋክብት ሆነው ይታያሉ። በጥር ከምሽቱ 3 እና 4 ሰዓት ላይ ኦሪዮን በኢትዮጵያ ሰማይ አናት አካባቢ ይሆናል፤ ከመቀነቱ በታች ያለው ኔቡላ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ የከዋክብት መወለጃ ነው። በመሃሉ ያሉትን አራት ወጣት ከዋክብት በማንኛውም ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ብርሃን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ የሚደርስ ነው። ሌሊቱ ሲገፋ በደቡብ በኩል ኦሜጋ ሴንታውሪ ይወጣል፤ ሚሊዮኖች ከዋክብት በአንድ ላይ የታጨቁበት ይህ ክምችት በጥሩ ቴሌስኮፕ እስከ መሃሉ ድረስ በነጥብ በነጥብ ተለይቶ ይታያል።

ብዙ ማኅበራት ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጀመረውንና ዛሬ 110 የሰማይ አካላትን የያዘውን ዝርዝር እንደ መመሪያ ይከተላሉ። በመጋቢት አጋማሽና መጨረሻ ሰሞን ዝርዝሩን በሙሉ ወይም ጥቂት ሲቀር በአንድ ሌሊት ማየት የሚቻልበት አጋጣሚ ስላለ፣ ቡድኖች ከምሽት እስከ ንጋት ተራ እየገቡ ይሞክሩታል።

ተራና ጨዋነት

በአንድ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ሰው ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በ120 እጥፍ ማጉያ የተያዘ ኮከብ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከእይታው ይወጣል። ስለዚህ ባለቤቱ በየሰዉ መሃል አቅጣጫውን ያስተካክላል፤ ሰልፈኛው ደግሞ ቱቦውን አይደገፍም፣ ሌንሱን በጣት አይነካም። መነጽር የሚያደርግ ሰው ትኩረቱን ለራሱ ማስተካከል ስለሚያስፈልገው የትኛውን እጀታ እንደሚያዞር ይነገረዋል። ለልጆች በርጩማ ይዘጋጃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋነት ጊዜ መስጠት ነው። ዓይን ማየትን ይማራል፤ በመጀመሪያው ቅጽበት ብዥ ያለ ነጭ ነገር ብቻ ያየ ሰው፣ ለአንድ ደቂቃ በእርጋታ ከተመለከተ ቅርጽና ዝርዝር ያገኛል። ጥሩ አሳዪ "ይታይሃል?" ብሎ ከማጣደፍ ይልቅ ምን እንደሚፈለግ ይነግራል፤ ርቀቱን፣ ምንነቱን፣ ከየትኛው ጎን መመልከት እንደሚሻል ያስረዳል። የአሥር ዓመት ልምድ በጥቂት ቃላት ለሌላ ሰው የሚተላለፈው በዚህ ጊዜ ነው፤ ብቻውን በግቢው የሚመለከት ጀማሪ ይህን ለማግኘት ዓመታት ይፈጅበታል።

የጋራ ምልከታ ፍሬ

የወዳጆች ምሽት ለሳይንስም ፍሬ አፍርቷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1995 ሌሊት ቶማስ ቦፕ የተባለ አማተር ተመልካች በአሪዞና በረሃ ከጓደኞቹ ጋር ነበር። የራሱ ቴሌስኮፕ አልነበረውም፤ የሚያየው በጓደኛው መሣሪያ ነው። ሳጂታሪየስ ውስጥ ያለውን ኤም 70 የተባለ የከዋክብት ክምችት ሲመለከቱ በእይታው ጠርዝ አንድ ደብዛዛ ጭጋግ አስተዋለ። ጓደኛሞቹ የሰማይ ካርታቸውን ገልጠው አመሳከሩ፤ በቦታው የተመዘገበ ነገር አልነበረም። ጥቂት ሲጠብቁ ጭጋጉ ከከዋክብቱ አንጻር ቦታውን ቀየረ፤ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ጅራታም ኮከብ መሆን አለበት። ቦፕ ወደ ቤቱ ነድቶ ለሥነ ፈለክ ግኝቶች መመዝገቢያ ማዕከል ቴሌግራም ላከ። በዚያው ሌሊት አለን ሄል የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ በኒው ሜክሲኮ ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ያንኑ አካል አይቶ ነበር፤ ስለዚህ ኮከቡ ሄል ቦፕ ተባለ። በ1997 ከደማቆቹ አንዱ ሆኖ በዓለም ዙሪያ ታየ፤ በባዶ ዓይን የታየበት ጊዜም 18 ወር ያህል ደርሷል።

ለግኝቱ ያበቁት በየምልከታ ምሽቱ ያሉት ነገሮች ናቸው፦ ጨለማ ቦታ፣ የለመደ ዓይን፣ ካርታ፣ ያዩትን የሚያረጋግጡ ባልንጀሮችና መሣሪያውን የማይሰስት ባለቤት። ተለዋዋጭ ከዋክብትን የሚከታተሉ አማተሮችም እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ ከመሠረቱት ማኅበር ጀምሮ ድምቀታቸውን እየመዘገቡ ለባለሙያዎች ያቀርባሉ።

እንዲህ ያለ ምሽት ለማዘጋጀት ብዙ ሀብት አይጠይቅም። ከመንገድ መብራት የራቀ ደልዳላ ሜዳ፣ ጨረቃ የሌለችበት ጥርት ያለ ሌሊት፣ አንድ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕና ሁለት ባይኖኩላር ለአሥራ አምስት ሰው ይበቃሉ። ቴሌስኮፕ ከሌለም በባይኖኩላር የጁፒተርን ጨረቃዎች፣ የኦሪዮንን ኔቡላና የአንድሮሜዳን ጋላክሲ ማየት ይቻላል። ትምህርት ቤት ቢያዘጋጀው ተማሪው የፊዚክስ መጽሐፉ ላይ ያነበበውን የሌንስና የመስታወት ሕግ በተግባር ያየዋል። ምሽቱ ሲያበቃም ሥርዓት አለው፤ መስታወቶች ጤዛቸው ሳይደርቅ ክዳን አይደረግባቸውም፣ ያዩት ነገር ከነሰዓቱ በደብተር ይመዘገባል፣ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ደግሞ መብራት ከማብራቱ በፊት ለቀሩት ድምፅ ያሰማል።